ኃይልን መግራት፦ የዊሊያም አርምስትሮንግ ሕይወትና የሃይድሮሊክ ቫልቭ አመራረጥ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ መሐንዲስ የዊሊያም ጆርጅ አርምስትሮንግን (1810–1900) ሕይወት ከሃይድሮሊክ ቁጥጥር ታሪክ አንጻር ይመረምራል። አርምስትሮንግ በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው በመድፍ ሥራው ነው። ለዛሬው ኢንዱስትሪ የተወው ዋነኛ ውርስ ግን የፈሳሽን ግፊት ሳይዋዥቅ አቅርቦ፣ የጭነትን ፍጥነት በቫልቭ ክፍተት የመግራት ዘዴ ነው። ለኢንዱስትሪ ማሽን ፕሮፖርሽናል ቫልቭ ሲመረጥ መነሻው የቫልቩ ትልቅነት ሳይሆን የጭነቱ ጠባይ መሆን እንዳለበት የሥራ ታሪኩ ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ልዩ ማመልከቻ ካልተደረገ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በሃይድሮሊክ ኃይል የሚሠራ ማንኛውም ማሽን ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሳል። የመጀመሪያው ጭነቱን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል አለ ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ኃይል በተፈለገው ፍጥነት እንዲንቀሳቀስና በተፈለገው ቦታ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ጆሴፍ ብራማህ በ1795 ባስመዘገበው የሃይድሮሊክ መጭመቂያ በአመዛኙ መልሶታል፤ በትንሽ ፒስተን ላይ ያረፈ ግፊት በትልቅ ፒስተን ላይ እጅግ የበዛ ኃይል እንደሚፈጥር በተግባር አሳይቷል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል በቂ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል። መልሱን ከወደብ እስከ ድልድይ በሰፊው ሥራ ላይ ያዋለው ሰው በሙያው ጠበቃ የነበረው አርምስትሮንግ ነው።

ከሕግ ቢሮ ወደ ውሃ ኃይል

አርምስትሮንግ ኅዳር 26 ቀን 1810 በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ተወለደ። አባቱ የእህል ነጋዴ ሲሆን በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ለመሆን በቅቷል። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወደ ማሽን ያዘነብል ነበር። በቢሾፕ ኦክላንድ ትምህርት ቤት ሳለ የዊሊያም ራምሾ የማሽን ፋብሪካ አዘውትሮ ይጎበኝ እንደነበር ይታወቃል፤ በ1835 ያገባትም የዚህኑ ባለፋብሪካ ልጅ ማርጋሬትን ነው። ይሁን እንጂ አባቱ የወጠነለት መንገድ የሕግ ሙያ ነበር። በአባቱ ወዳጅ በአርመረር ዶንኪን ቢሮ ሕግ ተምሮ፣ በለንደንም ልምድ ቀስሞ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1835 የቢሮው ሸሪክ ሆነ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የቀየረው አጋጣሚ የተከሰተው ከሥራ ውጪ ነው። በ1830ዎቹ አጋማሽ በዴንትዴል ሸለቆ በሚፈሰው የዲ ወንዝ ዓሣ ሲያጠምድ፣ ለአንድ የእብነ በረድ ካባ ኃይል የሚሰጥ የውሃ መንኰራኩር ተመለከተ። ውሃው ከከፍታ ወርዶ የሚሰጠው ኃይል ብዙ ሆኖ ሳለ፣ መንኰራኩሩ የሚጠቀመው ጥቂቱን ብቻ ነበር። ውሃው በአንድ መንኰራኩር ላይ በክብደቱ ብቻ ከሚሠራ ይልቅ፣ ከከፍታው ሁሉ የሚገኘው ግፊት በቧንቧ ተሰብስቦ ቢሠራ ብክነቱ እንደሚቀንስ ተገነዘበ። በዚህ ሐሳብ መነሻነት በውሃ ግፊት የሚሽከረከር ሞተር ሠራ፤ ነገር ግን ፈላጊ አላገኘም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ትኩረቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረ። በኒውካስል አቅራቢያ በሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ ከእንፋሎት ቦይለር የሚያፈተልክ እንፋሎት ሠራተኛን በኤሌክትሪክ እንደሚነዝር በ1840 ሲሰማ ክስተቱን አጥንቶ፣ ከእንፋሎት የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ፈለሰፈ። በ1846 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ሲመረጥ ገና በጥብቅና ሥራ ላይ ነበር። ይህ ጥናት ከሃይድሮሊክ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ባይኖረውም፣ አንድን ክስተት እስከ ምክንያቱ ድረስ የመከታተል ልማዱን ያሳያል።

የኒውካስል ክሬን

በ1845 ለኒውካስል ከተማ ከሩቅ ግድቦች የቧንቧ ውሃ ለማምጣት አንድ ኩባንያ ተቋቋመ፤ አርምስትሮንግም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ውሃው ከከፍታ ስለሚመጣ በዝቅተኛው የከተማ ክፍል፣ ማለትም በወንዙ ዳር ባለው የመርከብ ማራገፊያ፣ ከቤት ፍጆታ የሚተርፍ ግፊት ነበረው። አርምስትሮንግ ይህን ትርፍ ግፊት ለክሬን ለመጠቀም ሐሳብ አቀረበ። የከተማው አስተዳደር ፈቀደለትና በ1846 የመጀመሪያው የሃይድሮሊክ ክሬን ሥራ ጀመረ። ውጤቱ ስላረካ ሌሎች ሦስት ክሬኖች ተጨመሩ።

የክሬኑ አሠራር ቀላል ነበር። የቧንቧው ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ የፒስተኑ አጭር ጉዞ በፑሊዎች ላይ በተጠመጠመ ሰንሰለት ተባዝቶ ረጅም የማንሳት ጉዞ ይሆናል። ዋናው ችግር ያለው በቁጥጥሩ ላይ ነው። ውሃ በእንፋሎት ልክ አይታመቅም። በእንፋሎት ሞተር ውስጥ መግቢያው በድንገት ቢዘጋ፣ የታመቀው እንፋሎት እንደ ምንጣፍ ሆኖ ድንጋጤውን ያለዝባል። በውሃ ግን በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ከባድ ጭነት መውጫ ያጣውን ውሃ በሙሉ ጉልበቱ ስለሚመታው፣ ግፊቱ በቅጽበት ከፍ ብሎ ቧንቧን ሊሰነጥቅ፣ ሰንሰለትንም ሊበጥስ ይችላል።

አርምስትሮንግ ለዚህ ሁለት መፍትሔዎችን አጣመረ። አንደኛው በእጅ ማንሻ ቀስ በቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ተንሸራታች ቫልቭ ነው፤ ነጂው ማንሻውን ባንቀሳቀሰ መጠን የውሃው መተላለፊያ ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ የጭነቱም ፍጥነት አብሮ ይለወጣል። ሁለተኛው የማስተንፈሻ ቫልቮች ናቸው፤ የጭነቱ ግስጋሴ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ከዋናው ቧንቧ በላይ ከፍ ሲያደርገው፣ ትርፉ ውሃ ወደ ዋናው ቧንቧ እንዲመለስ መንገድ ይሰጡታል። በዚህ ጥምረት ቫልቭ ከመክፈቻና ከመዝጊያነት አልፎ የፍጥነት መምሪያ ሆነ።

የዚህን ቁጥጥር ጥቅም ለተጠራጣሪዎች ያሳየው ከጽሑፍ ይልቅ የአንድ ሠራተኛ እጅ ነው። የሊቨርፑል ወደብ መሐንዲስ ጄሲ ሃርትሊ ለአዲሱ ዘዴ ግምት አልሰጠውም ነበር። ወደ ኒውካስል መጥቶ፣ ሃይድሮሊክ ጃክ በሚል ቅጽል ስም የሚጠራው የክሬን ነጂ ከባድ ጭነትን በከፍተኛ ፍጥነት አውርዶ መሬት ሊነካ ሲል እንዴት ያለ ድንጋጤ እንደሚያቆመው ከተመለከተ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ሊቨርፑልም ከአርምስትሮንግ ቀደምት ደንበኞች አንዱ ሆነ። በዛሬው ቋንቋ ሲገለጽ፣ የነጂው ዓይን የአቀማመጥ ዳሳሽ፣ አእምሮው መቆጣጠሪያ፣ እጁና ማንሻው ደግሞ ቫልቩን የሚያንቀሳቅስ ክፍል ነበሩ። ዘመናዊው ፕሮፖርሽናል ቫልቭ በመሠረቱ ይህን ሰንሰለት በኤሌክትሪክ የተካ መሣሪያ ነው።

የማይዋዥቅ ግፊት

በ1847 አርምስትሮንግ የጥብቅና ሥራውን ትቶ፣ በኒውካስል ምዕራብ በኤልስዊክ በወንዝ ዳር መሬት ገዝቶ ፋብሪካ መሠረተ። በ1850 ከ300 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ በዚያው ዓመት 45 ክሬኖች ተመርተዋል። የሥራው መስፋፋት ግን አዲስ ችግር ይዞ መጣ። የከተማ ቧንቧ ግፊት ነዋሪው ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት ይወርዳል፤ በሌሊት ይጨምራል። ነጂው ማንሻውን በዚያው ልክ ቢከፍትም የጭነቱ ፍጥነት ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ወደቦች በአቅራቢያቸው ከፍ ያለ የውሃ ምንጭ አልነበራቸውም።

ለግሪምስቢ ወደብ የተገኘው መፍትሔ በ1852 የተጠናቀቀው ረጅም ግንብ ነው። በ60 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠው የውሃ ጋን 6 ባር ያህል የማይዋዥቅ ግፊት ይሰጥ ነበር። በሃምበር ወንዝ ዳር በሚገኘው በኒው ሆላንድ ግን መሬቱ አሸዋማ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ግንብ ሊሸከም አይችልም። አርምስትሮንግ ከዚህ እክል ተነሥቶ አኩሙሌተር የተባለውን የግፊት ማጠራቀሚያ ሠራ። በቆመ የብረት ሲሊንደር ውስጥ የሚወጣና የሚወርድ ወፍራም ፒስተን ላይ ከባድ ጭነት ይቀመጣል፤ የእንፋሎት ፓምፕ ውሃውን ከሥር ያስገባል፤ ጭነቱም ውሃውን ሁልጊዜ በእኩል ግፊት ይጫነዋል። ግፊቱ በጋን ቁመት ሳይሆን በተቀመጠው ክብደት ስለሚወሰን እስከ 40 ባር አካባቢ ማድረስ ተቻለ። በስሌት ሲታይ፣ ዲያሜትሩ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፒስተን 41 ባር ግፊት እንዲሰጥ 66 ቶን ያህል ክብደት ያስፈልገዋል።

አኩሙሌተሩ በአብዛኛው የሚጠቀሰው ኃይልን በማጠራቀም ጥቅሙ ነው፤ አነስተኛ ፓምፕ ሳያቋርጥ እየሠራ ለአጭር ጊዜ ብዙ ፍሰት የሚፈልግን ማሽን ያገለግላል። ከቁጥጥር አንጻር ግን ሌላ እኩል ጥቅም አለው። በቫልቭ ክፍተት የሚያልፍ ፍሰት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በክፍተቱ ስፋትና በክፍተቱ ሁለት ጎኖች መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ስኩዌር ሩት። የአቅርቦቱ ግፊት ካልዋዠቀና ጭነቱ ከታወቀ፣ የማንሻው አቀማመጥና የጭነቱ ፍጥነት ቋሚ ዝምድና ይኖራቸዋል። ስለዚህ አኩሙሌተሩ ቫልቩን የሚታመን መሣሪያ አደረገው ማለት ይቻላል።

የዘዴው ድክመትም የተገለጠው በዚሁ ሥራ ነው። ክሬኑ ባዶ መንጠቆም ያንሳ ሙሉ ጭነት፣ የሚወስደው ውሃ እኩል ነው፤ ያልተፈለገው ግፊት በቫልቩ ክፍተት ባክኖ ይቀራል። በዲ ወንዝ ዳር ብክነትን አይቶ ሥራ የጀመረው ሰው ራሱ ሌላ ብክነት ፈጠረ። ለዚህም ሦስት ሲሊንደር ያላቸው ክሬኖች ተሠሩ፤ ነጂው እንደ ጭነቱ ክብደት አንዱን፣ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይጠቀማል። መፍትሔው ከፊል ቢሆንም፣ ቫልቭ ብቻውን የጭነትን ለውጥ ያለ ኪሳራ ሊሸከም እንደማይችል የታወቀበት ነው።

መድፍ፣ መቅደላና አድማ

በ1854 በክራይሚያ ጦርነት በኢንከርማን ውጊያ ከባድ መድፎችን ለማንቀሳቀስ የነበረው ችግር በጋዜጦች ሲዘገብ፣ አርምስትሮንግ ቀላል መድፍ መንደፍ ጀመረ። ከኋላ የሚጎርስና በውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው፣ ከተጠመጠመ ብረት የተሠራ መድፍ ነበር። መንግሥት ሲቀበለው የፈጠራ መብቱን ያለ ክፍያ አስረከበ፤ በ1859ም የ“ሰር” ማዕረግ ተሰጠው። ሆኖም በመድፉ ላይ ክርክር ተነሥቶ በ1863 ከመንግሥት ኃላፊነቱ ለቀቀ፤ የእንግሊዝ ጦርም ቀስ በቀስ ከፊት ወደሚጎርስ መድፍ ተመለሰ። ፋብሪካው ከዚያ ወዲያ የጦር መሣሪያና የጦር መርከብ ለብዙ አገሮች የሚሸጥ ድርጅት ሆነ።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የአርምስትሮንግ ሥራ የሚታየው በዚህ በኩል ነው። በ1868 (በ1860 ዓ.ም.) በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከሕንድ በመጡ ዝሆኖች ጀርባ ተጭነው ከወጡት መሣሪያዎች መካከል ባለ 12 ፓውንድ የአርምስትሮንግ መድፎች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት መድፍ ለማስቀለጥና ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በሰው ጉልበት መቅደላ ለማድረስ ያደረጉት ጥረት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ በሁለቱ መካከል የነበረው የኢንዱስትሪ ልዩነት በጉልህ ይታያል። ስለ አርምስትሮንግ የሚጻፍ ታሪክ የወደብ ክሬኑን አንሥቶ ይህን ቢተው ጎዶሎ ይሆናል።

በገዛ ፋብሪካውም ዘንድ ታሪኩ ጥላ አለው። በ1871 የኒውካስል የማሽን ሠራተኞች የሥራ ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንዲያጥር ጠይቀው ለአምስት ወራት ያህል አድማ መቱ። አርምስትሮንግ በአሠሪዎቹ ግንባር ቀደም ሆኖ ተቃወማቸው፤ ከውጭ አገር ሠራተኞችን ለማስመጣትም ተሞከረ። በመጨረሻ ያሸነፉት ግን ሠራተኞቹ ናቸው።

ድልድዮችና የመጨረሻ ዓመታት

የሃይድሮሊክ ሥራው በዚህ ሁሉ መካከል አልተቋረጠም። በ1876 በታይን ወንዝ ላይ የተከፈተው ተሽከርካሪ ድልድይ በአርምስትሮንግ ድርጅት ማሽኖች የሚዞር ሲሆን፣ ትላልቅ መርከቦች ወደ ኤልስዊክ እንዲያልፉ መንገድ ከፍቷል። በ1894 የተመረቀው የለንደኑ ታወር ብሪጅም በዚሁ ድርጅት የሃይድሮሊክ መሣሪያ ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ ከ1,000 ቶን በላይ የሚመዝን የድልድዩ ክንፍ ይነሣ የነበረው፣ በእንፋሎት ፓምፖችና በስድስት አኩሙሌተሮች በሚቀርብ 50 ባር ገደማ የውሃ ግፊት ነው። ውሃው በዘይት፣ እንፋሎቱም በኤሌክትሪክ የተተኩት በ1970ዎቹ ብቻ ነው።

አርምስትሮንግ በ1863 የእንግሊዝ ሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር፣ የአገሩ የድንጋይ ከሰል ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ እንደማይዘልቅ አመልክቷል፤ የውሃንና የፀሐይን ኃይል መጠቀምንም ደግፏል። በሮዝበሪ አቅራቢያ በሠራው ክራግሳይድ በተባለው መኖሪያው፣ በ1878 በውሃ ኃይል የመነጨ ኤሌክትሪክ መብራት አበራ። የቤቱ ሊፍትና በወጥ ቤት ሥጋ የሚያዞረው መሣሪያም በውሃ ግፊት ይሠሩ ነበር። በ1887 የባሮን ማዕረግ አገኘ። ባለቤቱ በ1893 ከሞተች በኋላ የባምበርግን ጥንታዊ ግንብ ገዝቶ ማደስ ጀመረ። ልጅ ሳይወልድ ታኅሣሥ 27 ቀን 1900 በ90 ዓመቱ በክራግሳይድ አረፈ።

ለዛሬው የቫልቭ አመራረጥ የሚሰጠው ትምህርት

በዛሬው ፋብሪካ ከነጂው እጅ ይልቅ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሶሌኖይድ የቫልቩን ስፑል ይገፋዋል፤ የስፑሉ ጉዞ ከሚሰጠው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ጋር ተመጣጣኝ ነው። አርምስትሮንግ ያጋጠሙት ጥያቄዎች ግን አልተለወጡም።

የመጀመሪያው የመጠን ጥያቄ ነው። ፕሮፖርሽናል ቫልቮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰየሙት በ10 ባር የግፊት ልዩነት በሚያሳልፉት ፍሰት ነው። አቅርቦቱ 100 ባር የሆነ፣ ጭነቱ 60 ባር የሚጠይቅ አንድ መጭመቂያ ማሽን ይወሰድ። ለቫልቩ የሚተርፈው 40 ባር ነው። ልዩነቱ በአራት እጥፍ ስለጨመረ፣ በስኩዌር ሩት ሕግ ፍሰቱ በሁለት እጥፍ ያድጋል። ማሽኑ የሚፈልገው ከፍተኛ ፍሰት በደቂቃ 40 ሊትር ከሆነ፣ 40 ሊትር የሚል ስያሜ ያለው ቫልቭ በዚህ ሁኔታ 80 ሊትር ማሳለፍ ስለሚችል፣ ማሽኑ የስፑሉን ጉዞ ግማሹን ብቻ ይጠቀማል። ከዚህ ላይ ስፑሉ መሃል ላይ ሳለ ምንም የማያሳልፍበት የጉዞ ክፍል ሲቀነስ፣ ለትክክለኛ ቁጥጥር የሚቀረው ጉዞ ጠባብ ይሆናል። 25 ሊትር የሚል ስያሜ ያለው ቫልቭ ግን በተመሳሳይ ሁኔታ 50 ሊትር ስለሚያሳልፍ፣ ማሽኑ ከጉዞው 80 በመቶውን ተጠቅሞ ጥቂት መጠባበቂያም ይኖረዋል። ለጥንቃቄ ተብሎ ትልቅ ቫልቭ መምረጥ ቁጥጥርን የሚያሳጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የግፊት መረጋጋት ነው። ከላይ የተሠራው ስሌት የሚጸናው አቅርቦቱና ጭነቱ ካልተለወጡ ብቻ ነው። ጭነቱ ከዑደት ዑደት የሚለያይ ከሆነ፣ በቫልቩ ላይ ያለውን የግፊት ልዩነት እኩል የሚያደርግ የግፊት ማካካሻ ወይም ፍጥነቱን በዳሳሽ ለክቶ የሚያርም ሥርዓት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የማቆም ጥያቄ ነው። የቫልቩ የምላሽ ፍጥነት ጭነቱና ሲሊንደሩ አብረው ከሚወዛወዙበት ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ በበቂ መጠን ካልበለጠ፣ ማሽኑን በትክክል መግራት አይቻልም። በአንድ ወገን ዘንግ ያለው ሲሊንደር የሁለት ወገን ስፋቱ የሚለያይ በመሆኑ፣ ለምሳሌ ስፋቱ ሁለት ለአንድ ሲሆን፣ የስፑሉ ክፍተቶችም በዚያው ጥምርታ ይመረጣሉ። ካልሆነ ጭነቱ ሲቆም በአንዱ ወገን ግፊቱ ሊያሻቅብ፣ በሌላው ወገን ባዶ ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። በኒውካስል ክሬን ላይ የማስተንፈሻ ቫልቭ ያስፈለገው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

አራተኛው የብክነት ጥያቄ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ማሽን፣ በደቂቃ 40 ሊትር በ40 ባር ልዩነት ሲያልፍ 2.7 ኪሎ ዋት ገደማ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህም ከአቅርቦቱ ኃይል 40 በመቶው ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የሚሠራና ጭነቱ በሰፊው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ቫልቩን ከማሻሻል ይልቅ መጠኑን እንደ ፍላጎቱ የሚለውጥ ፓምፕ መጠቀም የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

አርምስትሮንግ ከብራማህ የበለጠ ኃይል አላገኘም፤ የተገኘውን ኃይል ግን የሚታዘዝ አደረገው። ይህንንም ያደረገው በቅድሚያ ጭነቱ ሲንቀሳቀስና ሲቆም የሚሆነውን በመመልከት፣ ቀጥሎ የአቅርቦቱን ግፊት በማረጋጋት፣ ከዚያም ቫልቩን ለሁለቱ የሚስማማ በማድረግ ነው። በዛሬው የቫልቭ ምርጫ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ፣ ከአምራች ካታሎግ በቧንቧ ስፋት ወይም በከፍተኛ ፍሰት ቫልቭ ይመረጥና ጭነቱ በኋላ ይታሰባል። ውጤቱም የሚንቀጠቀጥ ማሽን፣ የሚሞቅ ዘይትና ያለ ጊዜው የሚያልቅ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ስሌት መሠራት ያለበት በጭነቱ ላይ ነው፤ ካታሎጉ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።